በሰርካለም ስም የተላከው መርዶ

ባለቤቴ ሰርካለም ምን እንደምትሠራ በሰፈራችን በአዘዞ በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ «ለፈረንጅ ደብዳቤ ትጽፋለች» ትላለች። ጎረቤታችን ይርገዱ ደግሞ አንድ ቀን «ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ የምትለምነዋ» ስትል ሰምቼ ተቆጣሁ። ሰርካለም ግን ሳቀች። «ሳልዋሽ ከለመንሁ ምን ነውር አለው?» አለችኝ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ወንዴ እባላለሁ። ስለ እሷ የምናገረውን ባሏ ነው ብላችሁ ትንሽ ብትቀንሱልኝ አልቀየምም። ስለ እስጢፋኖስ የምናገረውን ግን ማንም እንዳይቀንስብኝ።

ሰርካለም የዳባት ልጅ ናት። አባቷ አቶ ኪዳነ ማርያም ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሲጨርሱ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነቡለታል። «ይኸ የኔ ቃል ነው» ካላለ ጣቱን ቀለም አያስነኩትም። «እንዲህ ብያለሁ እንዴ?» ካለ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ። በዚህ ቀርፋፋነታቸው ከሌሎቹ ጸሐፊዎች ያነሰ ደንበኛ ነበራቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ ተማረች፣ ጎንደር ቀረች፣ እኔን አገባች፤ ይህን የአባቷን ልማድ ግን አልጣለችም።

እስጢፋኖስ የሠርጌ ቀን ሚዜዬ ነበር። እኛ ዘንድ ሚዜ ወንድም ነው፤ ቤትህ ሳይጠራ ይገባል፣ ከሚስትህ ጋር ስትጣላ ያስታርቅሃል። እስጢፋኖስም እንደዚያ ነበር። አንደበቱ የለሰለሰ፣ ቢሮ ለቢሮ መዞር የማይታክተው ሰው ነው። «አፋፍ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ፒያሳ አጠገብ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሲያቋቁም ሰርካለምን የኮሙኒኬሽን ባለሙያ አድርጎ ወሰዳት። ማኅበሩ ለደጋ እናቶች በግና የድንች ዘር ይሰጣል፣ ልጆቻቸውን ያስተምራል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው በኢሜይል ነው። ውጭ አገር ያሉ ረጂዎችና አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች አድራሻቸውን ሰጥተዋል፤ ሰርካለም በየወሩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ትጽፍላቸው ነበር። ከደብዳቤው ግርጌ የማኅበሩ ሳይሆን የእሷ ስም ይሰፍራል። ሐሳቡን ያመጣው እስጢፋኖስ ነው። ሰው ለድርጅት አይመልስም፣ ለሰው ነው የሚመልሰው አለ። ልክ ነበር።

የመጀመሪያ አንባቢዋ እኔ ነበርሁ። እራት ላይ ስልኳን ወደ እኔ ታዞርና «ይህን ርዕስ ብታይ ኢሜይሉን ትከፍተዋለህ?» ትለኛለች።

«ምን አለበት፣ እከፍተዋለሁ።»

«ውሸታም! ዓይንህ እንኳ አላረፈበትም።»

ትመልሰውና ሌላ ታመጣለች። በዚህ ዓይነት ሙያዋን ሳልወድ ተማርሁ። በአንድ ደብዳቤ አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ባለፈው የሰጠው ምን ላይ እንደዋለ ሳይነገረው ማንም ሰው ሌላ ስጥ አይባልም። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ አይወጣም፤ ምክንያቱም ሕፃኑ አድጎ ያየዋል። ከሁሉም በላይ ግን ባለታሪኩ ያልሰማው ደብዳቤ አይላክም። ይህንን በተመለከተ ግትር ነበረች። ለአንድ ገጽ ስትል አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ የምታጠፋበት ጊዜ ነበር፤ እኔ አጉረመርማለሁ፣ እሷ ጫማዋን ታስራለች።

ታየችን ያወቅናት በዚሁ ነው። ታየች ኮሶዬ ከመኪና መንገዱ ቁልቁል ወረድ ብሎ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ድንችና ገብስ እያመረተች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከአፋፍ በግ ከወሰዱት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ሰርካለም ታሪኳን ጻፈችና ልታነብላት ስትሄድ እኔም አብሬ ሄድሁ። ታየች እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«‹ተርቤ ነበር› አላልሁም» አለች።

«እና ምን ነበር ያልሽኝ?»

«‹አጥሮኝ ነበር› ነው ያልሁሽ። ተርቤስ ቢሆን ሰው ፊት አወጣዋለሁ? አጥፊው።»

ሰርካለም አጠፋችው። ታየች ሌላም ሌላም አስነሥታ ካስተካከለች በኋላ «አሁን ሸጋ ነው፤ ላኪው» አለች። ያ ደብዳቤ ከዚያ በፊት ከተላኩት ሁሉ የበለጠ መልስ አመጣ። ትልቋ ልጇ ፅዮን በዚያው ድጋፍ ተምራ አዲ አርቃይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች። ትንሿን ቃልኪዳንን ደግሞ ሰርካለም ክርስትና አነሣቻት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አበልጅ ሆኑ። የክርስትናው ዕለት ታየች ጠላ እየቀዳች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አበልጄ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆነናል። የኔ ነገር እኔ ሳልሰማው ካንች እጅ እንዳይወጣ» አለቻት። ሰርካለምም «ኪዳነ ምሕረትን አይወጣም» ብላ ማለች። ሰርካለም እንደ ዋዛ የምትምል ሴት አይደለችም።

አገሩ ከታመሰ ወዲህ የአፋፍ ነገር ቀዘቀዘ። ኢንተርኔት ለወራት ይጠፋል፣ ደብዳቤ ይቋረጣል፣ ረጂውም ሌላ የሚጽፍለት ስላላጣ ይረሳል። በዚህ መሀል እስጢፋኖስ አዲስ አበባ ሥልጠና ወስዶ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ለግማሹ ሰው አንድ ደብዳቤ፣ ለግማሹ ደግሞ ሌላ ይላካል፤ ከሁለቱ ብዙ ሰው የከፈተው ይመረጥና ለቀሪው ሁሉ ይሄዳል። ሰርካለም መጀመሪያ ወደደችው። ሁለት ርዕስ ማወዳደር ምን ክፋት አለው? እኔንም ከዚህ ሥራ አሳረፈችኝ። እስጢፋኖስ ግን የፈለገው ርዕስ ማወዳደር ብቻ አልነበረም። አንድ እሑድ እኛ ቤት ምሳ እየበላን ነገሩን አወጣው።

«ታየች ድንቿን ሸጠች፣ ታየች በጓ ወለደች… ይህን ማን ይከፍታል? ሰው የሚሰጠው ሲደነግጥ ነው ሰርኬ።»

«ታየችን የሚያስደነግጥ ነገር አላገኛትም፤ ምን ላድርግልህ?» አለችው።

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወጡን አወድሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ልጆቻችንን ስሞ ሄደ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎን ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ሰርካለም የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሱባኤ ያዘች፤ ስልኳንም ዘጋችው። ጾሙ ተፈትቶ ቢሮ በገባች ጠዋት፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ደዋዩ መለሰ የሚባል የኮሶዬ ተወላጅ፣ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ያለው፣ የታየች ባል የአጎት ልጅ ነው። ማን እንዳነሣው ሳይጠይቅ፣ «እግዜር ያጥናችሁ። ለአርባዋ እደርሳለሁ፤ የሚያስፈልገውን አስቀድሜ ልላክ ብዬ ነው» አለ።

«የማን አርባ?»

«የታየች ነዋ! መርዶው የመጣው ከናንተው ቢሮ አይደለም? ፅዮንንም ዛሬ ጎህ ሲቀድ እንዲያረዷት አዲ አርቃይ ላሉ ሽማግሌዎች ነግሬያለሁ።»

ሰርካለም ስልኩን ጣለችው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሸዋአየሁ ጩኸቷን ሰምታ ስትሮጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። እስጢፋኖስ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስልኩም ዝግ ነው። እኔ ክረምት ስለሆነ ትምህርት አልነበረኝም፤ ሸዋአየሁ ደውላ ጠራችኝና መጣሁ።

ይህን ስናገር «ኮሶዬ ደውላችሁ አታጣሩም ነበር?» የሚሉኝ የተማሩ ሰዎች አሉ። ማን ነው ለቅሶ ቤት ደውሎ «ሞታለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ? መርዶ ከመጣ ይኬዳል። ከሩቅ ያለ ሰው ደግሞ ሳምንትም ወርም ሊደበቀው ይችላል፤ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ባጠገቡ ኖሮ ነው። ሰርካለምም ተደብቆኝ ነው ብላ አመነች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሚኒባሱ ውስጥ እያለቀሰች ምን እንዳለችኝ ላውራችሁ። «እስጢፋኖስ ሰምቶ ነው የደበቀኝ። ሱባኤዬን እንዳላቋርጥ ብሎ ነው። እግዜር ይስጠው» አለች። ይህቺ ምርቃት ትዝ ባለችኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ኮሶዬ ስንወርድ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ሰርካለም እግሯ መሬት ሲነካ «እህቴን! እህቴን!» ብላ ጮኸች። መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ተነሡ። የታየች ጎረቤት አያ ክንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ «ወይኔ ልጄን!» እያሉ ተከተሉን። የሚያለቅስ ሰው ማን ሞተብህ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ አብሮት ይለቀሳል። በየደጃፉ ሰው እየጨመረ ቁልቁል ወረድን። እንዲህ እያለቀስን ታየች ግቢ ስንደርስ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እየዘቀዘቀች ከቤት ወጥታ እየጮኸች ሰርካለም አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሰርካለም ፊቷን ሸፍናለች፤ ማንን እንዳቀፈች አታይም። ያየሁት እኔ ነኝ። ያቀፈቻት ታየች ናት።

ሰርካለምን ትከሻዋን ነካሁ፤ ቀና አላለችም።

«ምነው አበልጄ! ምነው ሳትነግሪኝ! እህትሽ ታማ ነበር?» አለች ታየች።

ሰርካለም ድምፅዋን ስትሰማ ለቅሶዋን ቀጥ አደረገች። ነጠላዋን ከፊቷ ገፋ አድርጋ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ አንገቷን ዳበሰች።

«ምን ሁነሽ ነው የምትዳብሽኝ?» አለች ታየች።

አያ ክንዱ ባርኔጣቸውን እንደያዙ አንዴ እኔን አንዴ ሴቶቹን ተመለከቱና «እና የማንን ሞት ነው እስካሁን የምናለቅስ?» አሉ። አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ታየች ራሷ ነገሩ ሲገባት ሆዷን ይዛ «ሙቼ ነበር በሉኛ! ለራሴ አለቀስሁ በሉኛ!» እያለች ሳቀች። ሰርካለም እየሳቀችም እያለቀሰችም ሳለ፣ ድንገት ክው አለች።

«ፅዮን! ዛሬ ጠዋት አርድተዋታል!»

ሳቁ በአንዴ ጠፋ። ፅዮን ጋ ስንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ኀዘንተኛ ስልክ አይይዝም፤ ሽማግሌዎቹ ወስደውባት ይሆናል። ይህን ጊዜ ሊማሊሞን እየወጣች ነው ማለት ነው። የሽማግሌዎቹን ቁጥር የሚያውቅ የለም፣ መለሰም አያነሣም። ታየች ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ወደ መኪና መንገዱ ወጣች። ልጄ ቤቴ ደርሳ ሳይሆን እዚሁ ቆሜ ትየኝ ብላ ነው። እኛም ተከተልናት። ከደባርቅ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ከጉሙ እስኪወጣ ድረስ አንገታችንን እናሰግጋለን። ሰርካለም ከአበልጇ ጎን ቆማ ክንዷን ይዛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ መጣ። ከመቆሙ በፊት ለቅሶው ተሰማ። ፅዮን ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ስትወርድ፣ እናቷን መንገዱ ዳር ቆማ አየቻት። ሮጣ ታቅፋታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ጭቃው ላይም ወደቀች። «አትንኪኝ! አትንኪኝ!» ትላለች። ታየች ጭቃው ላይ አብራት ተቀምጣ፣ ልጅቷ እስክትረጋጋ ድረስ «እኔ ነኝ፤ አለሁ» እያለች እጇን አሸችላት። ፅዮን ሲገባት እናቷን ደረቷ ላይ በቡጢ መታቻት፤ ከዚያ አቀፈቻት። «ምነው እማዬ! ምነው!» እያለች አንጀት በሚበላ ድምፅ አለቀሰች።

ከአዲ አርቃይ ሽማግሌዎቹን መርተው የመጡት አያ ሐብተ ማርያም አፍረው ተቁነጠነጡ። «እኛ ምን እናድርግ? መለሰ ነው የነገረን። ለሱ ደግሞ የጣፈችለት አበልጇ ናት። የክርስትና እናት እንዲህ ብላ ትጥፋለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ሰርካለም ዞረ። ፅዮን ስልኳን ከሽማግሌው ተቀብላ ከፈተችው፤ መለሰ ደብዳቤውን ልኮላት ነበር። ጠዋት አይታው አልነበረም። አሁን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ውድ ወዳጄ፣ ይህን የምጽፍልዎ እያለቀስሁ ነው። የኮሶዬዋ ታየች፣ የክርስትና ልጄ እናት፣ ረኃብና ሕመም ተጋግዘውባት ከዚህ ዓለም ተለይታለች። ትንሿ ቃልኪዳን ዛሬ የሚያስጠጋት የላትም። ለአዲስ ዓመት ደብተር የሚገዛላት እናት የላትም። እባክዎ እርስዎ ይድረሱላት። ሰርካለም።»

ታየች እንደ ሁልጊዜው እስከ መጨረሻው ሰማች። ከጭቃው ተነሣች።

«ይኸ የኔ ቃል አይደለም» አለች። ከዚያ ሰርካለምን ቀና ብላ አየቻት። «አንች ነሽ?»

«አይደለሁም። ኪዳነ ምሕረትን እኔ አይደለሁም።»

«ስሙ ግን ያንች ነው።»

«የኔ ነው።»

ታየች ልጇን በክንዷ ደግፋ ቁልቁል ወረደች። ሰርካለም ልትከተላት አንድ እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች። ከዚያ በፊት ኮሶዬ ሄደን ታየች ቤት ሳንገባ ተመልሰን አናውቅም። የዚያን ቀን ግን የጎንደርን ሚኒባስ ከመንገድ ዳር ያዝን።

እስጢፋኖስ በማግስቱ ከባሕር ዳር ተመለሰ። አብሬያት ሄድሁ። ስንገባ ተነሥቶ ሊስመን መጣ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ሰርካለም ሳትቀመጥ ነገረችው። ትንሽ ደነገጠ፣ ብዙ አልደነገጠም።

«የሙከራ ደብዳቤ ነበር ሰርኬ። በአንደኛው ታየች ድንቿን ትሸጣለች፣ በሁለተኛው ዐርፋለች። ለጥቂት ሰዎች ላክኋቸው። በሕይወት ያለችውን ማንም አልከፈታትም። ሁለተኛው ግን ተነበበ፣ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ፣ ስጦታም መጣበት። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ላክሁት። ኮሶዬ ድረስ ይሄዳል ብዬ ማን ያስባል?»

«ሞተች ብለህ?»

«ደብዳቤ ላይ ነው እንጂ! ደብዳቤ ላይ መሞት ሞት ነው እንዴ?»

«ለምን በኔ ስም?»

እዚህ ላይ ፈገግ አለ። እያሞካሻት ነበር የመሰለው። «ባንቺ ስም ካልሆነማ ማን ያምናል?» አላት።

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሰርካለም እጅጌዬን ባትይዘኝ ኖሮ ሚዜዬን እመታው ነበር። እሷ አልጮኸችም። «ዛሬውኑ ማረሚያ ላክ፤ ታየች አለች፣ ዋሽተናል በል» አለችው። እሱም ረጋ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ማረሚያ ከተላከ ከዚያ በኋላ ማንም እንደማያምናቸው፣ በጉም ዘሩም የልጆቹም ትምህርት እንደሚቆም አስረዳት። የብዙ እናት እንጀራ ነው የምትዘጊው አላት። ሰርካለም ወደ ጠረጴዛዋ ሄደችና ማረሚያውን ራሷ ልትልከው ኮምፒውተሯን ከፈተች። የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ዞር ብላ አየችው። «ስሜት ላይ ስለሆንሽ ነው፤ ስትረጋጊ እሰጥሻለሁ» አለ። ያን ያህል ዓመት ስትጽፍላቸው የኖረቻቸው ሰዎች አድራሻ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቢሮው ውስጥ የቀራት ነገር ቦርሳዋ ብቻ ነበር፤ እሷን አንሥታ ወጣች።

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ላክንበት፤ በክብር ተቀብሎ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው። ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትን፤ ይጣራል ተባልን። ሰርካለም በራሷ ስልክ የምታውቃቸውን ጥቂት ረጂዎች እየፈለገች «ታየች አለች» ብላ ጻፈችላቸው። ከእነሱ አንዷ «እባክሽ ኀዘናችንን አታደፍርሺብን» ብላ መለሰችላት። ሰርካለም ያን ጊዜ ስታለቅስ አየኋት። እኔ ከሠርጋችን ፎቶዎች እስጢፋኖስ ያለባቸውን አወጣኋቸው፤ ሌላ ላደርገው የምችለው ነገር አጣሁ። ሁሉም ላይ አለ ለካ፤ ግድግዳው ባዶ ቀረ።

ሰርካለም ይቅርታ ልትጠይቅ ኮሶዬም ሄደች። ታየች አላባረረቻትም። የሠራው ሌላ ሰው መሆኑን ተረድታለች፤ ጠላ ቀድታ፣ ቆሎ አቅርባ፣ እንደ እንግዳ አስተናገደቻት። ሰርካለምን የገደላት ይህ ነው። «እንደ ወረዳ ሰው አስተናገደችኝ» ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስትነሣ ታየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ «ፈረንጆቹ ዘንድስ እንደሞትሁ ነው የምቀር?» አለች። ሰርካለም «እሞክራለሁ» አለቻት።

መስቀል ሲቃረብ መለሰ ደወለ። እሱ ታየች በሕይወት መኖሯን ካወቀ ጀምሮ በጥፋቱ ሲብሰከሰክ ነበር የሰነበተው። «ሌላ ደብዳቤ መጣልኝ። አንቺ ሳታነቢው ለማንም አላሳይም ብዬ ነው» አላትና አነበበላት። እኔም ከጎኗ ሆኜ ሰማሁ።

«ውድ ወዳጃችን፣ ለዓመታት ስትጽፍልዎ የኖረችው ሰርካለም የታየች ኅልፈት ልቧን ስለሰበረው ከመካከላችን ተለይታለች። ይህን ክረምት ሳንረሳው እንድንኖር የሁለቱን እህትማማቾች መታሰቢያ የትምህርት ድጋፍ ጀምረናል። እርስዎም የበኩልዎን ያድርጉ።»

ደብዳቤው ሞተች አይልም። አልሞተችምም አይልም። ሰርካለም መለሰን አመስግና ስልኩን ዘጋች። «ከመካከላችን ተለይታለች» አለች ቀስ ብላ፣ የቃሉን ልክ እንደምትመዝን ሁሉ። «ጥሩ አድርጎ ጽፎታል። ይሄ ይከፈታል።» እኔ ስድብ ጀመርሁ፤ አላዳመጠችኝም። ነጠላዋን አነሣች።

ኮሶዬ ስንደርስ ታየች መደብ ላይ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። ፅዮን ለበዓሉ ፈቃድ ወስዳ መጥታ በሩ አጠገብ የቃልኪዳንን ፀጉር ትሠራለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰርካለም ጋር አልተነጋገሩም። ሰርካለም ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ አለችላት፤ አንድም አልዘለለችም። ታየች ገብሱን ከጭኗ አራግፋ አየቻት።

«አንችንም?» አለች።

«እኔንም።»

ታየች ትንሽ ፈቀቅ አለችና ከጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። ሰርካለም ተቀመጠች። ሁለቱ ገብሱን አብረው መልቀም ጀመሩ፤ እኔም ከበሩ ውጪ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ነገሩ ሊያልፍ ነው ብዬ ነበር።

ፅዮን ማበጠሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ ይቅር ካለችሽ ትበል» አለች ሰርካለምን እያየች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ አንድ ጊዜ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ግን ንገሪኝ እስቲ። እናቴ የእውነት የሞተች ቀን ማንን አምኜ ላልቅስ?»